ሰዓቷን የምታከብር መርከብ

በቦሪና በሞያሌ ዙሪያ የሚኖር ሰው ውኃን የሚያውቀው በጀሪካን፣ በጉድጓድና በኩሬ ነው። የጋና ዝናብ በወቅቱ የጣለ እንደ ሆነ ሣሩ ለምልሞ ከብቱ ይጠግባል፤ የሐጋያው ዝናብ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ እናቶች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በውኃ ወረፋ ላይ ይሰለፋሉ። በእንዲህ ያለ ምድር ተቀምጦ ስለ መርከብ መናገር ለጊዜው እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባብያን፣ ካርታ ዘርግታችሁ ብትመለከቱ ሞያሌ በሁለት ታላላቅ ውኆች መካከል የተቀመጠች ከተማ መሆኗን ትረዳላችሁ። ከዚህ ወደ ሰሜን የሚነሣው አውራ ጎዳና በያቤሎ፣ በዲላና በሐዋሳ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም የጎጃምን መንገድ ይዞ፣ የዓባይን በረሓ ተሻግሮ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ወደ ደቡብ የሚወርደው ደግሞ ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን አልፎ፣ ናይሮቢን አቋርጦ፣ በሞምባሳ ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ይገናኛል። ሁለቱም መንገዶች ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማሉ። በሁለቱም ጫፍ ላይ ዕለት ተዕለት ኑሮው በመርከብና በጀልባ ላይ የተንጠለጠለ ሕዝብ አለ።

በመሆኑም ዛሬ የምናወጋችሁ ደሴትን ከየብስ ጋር ስለምታገናኝ ፈጣን የመንገደኞች መርከብና በእርሷ ላይ ስለሚሠሩት ሰዎች ነው። ብዙ ሰው ስለ እንደዚህ ያለች መርከብ ሲያነሣ በቅድሚያ የሚጠይቀው «በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የደሴት ነዋሪ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። እርሱ ማወቅ የሚፈልገው መርከቧ በተባለው ሰዓት መምጣቷንና ከተፈቀደላት በላይ አለመጫኗን ነው። ፍጥነት ዋጋ የሚኖረው እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ በኋላ መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን።

አሥራ አምስት ቀን ፈቃድ

ጉዳዩ ለወታደር ቤተሰብ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናንሣ። ከጣና ደሴቶች ትልቋ ደቅ ናት። አንድ የደቅ ተወላጅ የሆነ ወታደር ከሞያሌ የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ተሰጠው እንበል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ ባሕር ዳር ሲደርስ ከቤቱ የሚለየው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ብቻ ነው። ከዳር ሆኖ ሲመለከት አገሩን የሚያይ ይመስለዋል፤ ሚስቱም ከማዶ ቡና ቆልታ፣ ልጆቿን አጥባ ትጠብቀዋለች።

ለብዙ ዓመታት በጣና ላይ የመንገደኛ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት መርከብ ከባሕር ዳር የምትነሣው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ በማለዳ ነበር። በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል እያደረገች፣ መንገድ ላይ አድራ፣ ሰኞ ጎርጎራ ትገባና በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ትመለስ ነበር። እንግዲህ ያ ወታደር እሑድ ረፋድ ላይ ባሕር ዳር ቢደርስ መርከቧን የሚያያት በጀርባዋ ነው። የሚቀጥለውን እሑድ ልጠብቅ ቢል ከአሥራ አምስቱ ቀን ግማሹ በወደብ ላይ ያልቃል። የመልሱ ጉዞ ሲታሰብ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ከጥቂት ቀናት አይበልጥም።

በዚህ ሰው ላይ የደረሰው ጉዳት ከመርከቧ ዝግታ የመጣ አይደለም። መርከቧ በሦስት ሰዓት ትድረስ በአንድ ሰዓት ለእርሱ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የጎዳው የምትመጣበት ቀን መራራቁ ነው። ስለዚህ ለደሴት ነዋሪ አንዲት ዘገምተኛ ጀልባ በየቀኑ ብትመጣለት በሳምንት አንድ ጊዜ ከምትበር መርከብ ይልቅ ትጠቅመዋለች። ፈጣን መርከብ እውነተኛ ጥቅም የምትሰጠውም ፍጥነቷ ምልልሷን ሲያበዛው ነው፤ ጠዋት ሄዳ በቀትር የምትመለስ ከሆነ በአንድ ቀን የሁለት መርከብ ሥራ ትሠራለችና።

ከወታደሩ ፈቃድ የሚበልጥም ጉዳይ አለ። ምጥ የጠናባት እናት፣ ትኩሳት ያጣደፈው ሕፃን፣ በእባብ የተነደፈ ገበሬ እሑድን አይጠብቁም። በየብስ ላይ ያለ ሰው ሌላው ሁሉ ቢያጣ በቃሬዛ ተሸክመውት ይሄዳሉ፤ በደሴት ላይ ግን ሸካሚው ቢበዛም መንገዱ ውኃ ነው። ሕመምተኛ የተኛበት ደሴተኛ ቤተሰብ ዐይኑን ከውኃው ላይ የማይነቅለው ስለዚህ ነው።

ጣናና መርከቦቹ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ በ1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ታላቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከእነዚህም በብዙዎቹ ላይ ጥንታውያን ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። በደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ ከአጠገቧ ባለችው ዳጋ ደሴት ላይ ደግሞ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ በሰፊው የታወቁ ናቸው።

በዚህ ሐይቅ ላይ ከሁሉ በፊት የነበረችው መጓጓዣ ከደንገል የምትሠራው ታንኳ ናት። ታንኳ ርካሽ ናት፤ ደንገሉ ከዳር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። ጉድለቷ ውኃ እየጠጣች መክበዷ ነው፤ ስለዚህም ባለቤቷ ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማቆምና በየጊዜው በአዲስ መተካት ይኖርበታል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በሰሜኑ ዳርቻ ጎርጎራ ላይ ወደብ አበጅተው በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችን አሠማርተው ነበር። ከዚያ ወዲህም የሞተር ጀልባ ከሐይቁ ላይ አልጠፋም። የዘጌ ቡና፣ ጌሾና ማገዶ፣ የደቅ እህልና ፍራፍሬ፣ ከከተማ የሚመለሰው ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ሁሉ በእነዚሁ ጀልባዎች ላይ ተመላልሷል።

በቅርቡ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ በአድናቆት የተመለከተው አንድ ጉዞ ተደርጓል። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ለጣና ያስመጣት «ጣናነሽ ፪» የተባለች ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ፣ ብዙ ጎማ ባለው ተሽከርካሪ ላይ ተጭና፣ ለብዙ ሳምንታት በየብስ ተጉዛ ባሕር ዳር ገብታለች። መርከብ ተራራ ወጥታ ስትወርድ፣ በከተማና በገጠር መካከል ስታልፍ ማየት ዕለት ዕለት የሚገኝ ትርኢት አይደለም። ባሕር በር የሌለው አገር ትልቅ መርከብ ወደ ሐይቁ ለማስገባት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቀው ይህ ጉዞ በግልጽ አሳይቷል። ይሁን እንጂ የእንደዚህ ያለች መርከብ ዋና ግዳጅ የሚጀምረው ሕዝብ ተሰልፎ በእልልታ ከተቀበላት ማግስት ነው። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ በየማለዳው ያለ ማቋረጥ መነሣት የሚባል ሥራ አለ።

የፍጥነት ዋጋ

መርከበኞች ፍጥነትን የሚለኩት በኖት ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በደቅና በባሕር ዳር መካከል ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ብንወስድ፣ በእግረኛ ፍጥነት የምትቀዘፍ ታንኳ ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጅባታል። በ8 ኖት የምትሄድ የተለመደች የሞተር ጀልባ በሁለት ሰዓት ትጨርሰዋለች። በ25 ኖት የምትሮጥ ፈጣን መርከብ ደግሞ አርባ ደቂቃ ገደማ ይበቃታል።

ልዩነቱ የሚያስደስት ቢሆንም በነፃ የሚገኝ አይደለም። ውኃ ከአየር ይልቅ ከባድ ነውና መርከብ ፊት ለፊቷ ያለውን ውኃ ገፍታና ሰንጥቃ ማለፍ አለባት። ፍጥነቷን በጨመረች ቁጥር የምታነሣው ማዕበል ይበረታል፤ ማዕበሉም መልሶ ይይዛታል። የተለመደ ቅርጽ ያላት መርከብ ፍጥነቷን በእጥፍ ለማሳደግ ብትፈልግ የሚያስፈልጋት የሞተር ጉልበት በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ጉዞው በግማሽ ጊዜ ስለሚያልቅ ለአንድ ጉዞ የሚፈጀው ነዳጅ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ይህ ወጪ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በትኬቱ ዋጋ ላይ ነው። ቅርጫት ሎሚ ይዛ ወደ ገበያ የምትሻገር ሴት የሎሚዋን ዋጋ ለመሳፈሪያ ከከፈለች የመርከቧ ፍጥነት ምን ይጠቅማታል?

መርከብ ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ካታማራን የሚባለው ነው። ይህ መርከብ በአንድ ሰፊ ሆድ ፈንታ ሁለት ቀጫጭን አካላት ጎን ለጎን አሉት፤ ከላይም በአንድ ወለል ይያያዛሉ። ቀጭን አካል ውኃውን እንደ ስለት ስለሚሰነጥቀው ማዕበሉ ያንሳል። ሁለቱ አካላት ተራርቀው ስለሚቆሙም ወለሉ ሰፊና የማይናወጥ ይሆናል። የሚሠራውም ብዙውን ጊዜ ከብረት ይልቅ ቀላል ከሆነው ከአሉሚኒየም ነው።

በጣና ላይ ግን ፍጥነትን የሚገድቡ ሌሎች ነገሮች አሉ። አንደኛው የውኃው ጥልቀት ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ወለል ትልልቆቹ መርከቦች ለመንቀሳቀስ ከሚያስፈልጋቸው መጠን በታች ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወራት ያህል ተቋርጦ ነበር። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታወቀው ይህ አረም እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ወደቡን ይዘጋል፤ በሞተሩ ክንፍ ላይ ሲጠመጠምም ሞተሩን ያፍነዋል። ሦስተኛው ነፋስ ነው። ጣና በማለዳ እንደ መስታወት ይረጋል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ተነሥቶ ያናውጠዋል። የሐይቁ ጀልበኞች ማልደው መውጣትን የሚመርጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። አራተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የጎረቤት ደኅንነት ነው። ፈጣን መርከብ የምታነሣው ማዕበል በአጠገቧ የምታልፈውን የደንገል ታንኳ ሊገለብጥ ይችላልና ወደ ዳርቻ ስትጠጋ መዝገም ግዴታዋ ነው።

የባሕርተኛው አንድ ቀን

የጦር ሰፈር ኑሮን ለሚያውቅ ሰው የመርከብ ሥራ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም ተረኛ አለ፣ ቁጥጥር አለ፣ የማይታለፍ ትእዛዝ አለ። ተሳፋሪው ገና አልጋው ላይ ሳለ መካኒኩ ወደ ሞተሩ ክፍል ይወርዳል። የዘይቱን መጠን ይለካል፤ ነዳጁ ከውኃ ጋር አለመቀላቀሉን ይመለከታል፤ በመርከቧ ሆድ ውስጥ ሌሊቱን የተጠራቀመ ውኃ ካለ ያስወጣል፣ ከየት እንደ ገባም ይመረምራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። ዛሬ አንድ ባልዲ ያስገባ ቀዳዳ ነገ በመካከለኛው ሐይቅ ላይ ምን እንደሚያስገባ አይታወቅምና።

በላይኛው ወለል ላይ ሌላው ባሕርተኛ ገመዶቹን እየጎተተ ይፈትሻል። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን ይቆጥራል፤ የልጆቹን ለብቻ፣ የዐዋቂዎቹን ለብቻ ያስቀምጣል። የእሳት ማጥፊያው መሥራቱን ያረጋግጣል። አዛዡ በበኩሉ ሰማዩን ይመለከታል። በመሣሪያ የሚገኘው የአየር ጠባይ መረጃ እንዳለ ሆኖ፣ በአንድ ውኃ ላይ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ደመናው ከየት በኩል እንደ ተነሣ አይቶ የከሰዓቱን ነፋስ ይገምታል።

ከዚህ በኋላ ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪ የሆነው ይመጣል፤ እርሱም የሰው ቆጠራ ነው። ሞተር አይከራከርም፤ ገመድ አይለምንም፤ ሰው ግን ይከራከራል፣ ይለምናል። በመሳፈሪያው ድልድይ ላይ የቆመው ባሕርተኛ የተፈቀደው ቁጥር ሲሞላ ሰንሰለቱን መዝጋት አለበት። ከሰንሰለቱ ውጭ የቀሩት ሰዎች ጎረቤቶቹ ናቸው፤ አንዱ አጎቱ ሊሆን ይችላል፤ አንዷ ለቅሶ ልትደርስ የተነሣች መበለት ልትሆን ትችላለች። «አንድ ሰው ምን ያከብዳታል?» የሚለውን ጥያቄ በየማለዳው ይሰማል። እርሱም በየማለዳው «አይቻልም» ማለት አለበት። ይህ ሰው የሚያደርገው ተጋድሎ በጥበቃ ቦታው ላይ ቆሞ የሚስጥር ቃሉን የማያውቅ ወዳጁን ከሚያስቆመው ዘብ ተጋድሎ የተለየ አይደለም። በሁለቱም ዘንድ ጨካኝ የመሰለው ትእዛዝ የሚጠብቀው ያንኑ የሚለምነውን ሰው ነው።

ጉዞው ሲጀመር ተሳፋሪው ያርፋል፤ ባሕርተኛው ግን አያርፍም። በፈጣን መርከብ ላይ ዐይንን ከውኃው ላይ ማንሣት አይቻልም። በ25 ኖት የምትሄድ መርከብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ700 ሜትር በላይ ስለምትጓዝ በሩቅ ያለ ጥቁር ነጥብ የመሰለው ታንኳ ወዲያው ፊት ለፊት ይደርሳል። ወደቡ ሲቃረብም ሌላ ጥንቃቄ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ቀድሞ ለመውረድ ብድግ ብሎ ወደ አንድ ወገን ይጎርፋል፤ ባሕርተኞቹም መርከቧ ታስራ እስክትቆም ድረስ በየቦታችሁ ተቀመጡ እያሉ ያሳስባሉ። ይህን የሚሉት ለሥርዓት ያህል ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ሁለት ታሪኮች ያስረዳሉ።

ወደ ደቡብ ስንመለከት

ከሞያሌ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ መድረሻ የሆነችው ሞምባሳ ራሷ ደሴት ናት። ከደቡባዊው የብስ ጋር የሚያገናኛት የሊኮኒ ማቋረጫ ስፋቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም በቀን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በጀልባዎቹ ይሻገርበታል፤ እግረኛም አይከፍልም። በዚያ ሥፍራ ጉዞው የደቂቃዎች ነገር ስለ ሆነ ስለ ፍጥነት የሚጨነቅ የለም፤ ጭንቀቱ ስለ ወረፋውና ስለ ምልልሱ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ በታንዛኒያ የዳሬሰላምና የዛንዚባር መሥመር ይገኛል። በዚህ መሥመር ላይ አዛም ማሪን የተባለው ኩባንያ «ኪሊማንጃሮ» በሚል ስም በተከታታይ ቁጥር የሚጠሩ ፈጣን ካታማራኖችን ያሠማራል። ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ባሕር በሁለት ሰዓት ገደማ አቋርጠው በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ። የዛንዚባር ነጋዴ ጠዋት ተሻግሮ፣ ዕቃውን ገዝቶ፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ፍጥነት ከምልልስ ጋር ሲጋባ የሚሰጠው ፍሬ እንዲህ ያለው ነው።

ነገር ግን እነዚሁ ውኆች መራራ ትምህርትም ሰጥተዋል። ሚያዝያ 21 ቀን 1986 ዓ.ም. ማለዳ ላይ «ምቶንግዌ» የተባለችው ጀልባ ሠራተኞችን ጭና ወደ ሞምባሳ ስትሻገር ተገልብጣ 272 ሰዎች ሞቱ። ጀልባዋ 300 ሰው እንድትጭን የተፈቀደላት ሆና ሳለ 400 ያህል ሰው ተሳፍሮባት ነበር። አደጋው የደረሰው በባሕር መካከል ሳይሆን ከዳር ብዙ ሳትርቅ ነው።

ሁለተኛው በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰው ነው። «ንየሬሬ» የተባለችው መርከብ ከኡኬሬዌ ደሴት ወደ ኡካራ ደሴት የምትሄድ፣ 101 ሰው እንድትጭን የተፈቀደላት ነበረች። ዕለቱ የገበያ ቀን በመሆኑ ከተፈቀደው በእጅጉ የሚበልጥ ሕዝብ ከነዕቃው ተሳፈረ። መርከቧ ወደ ኡካራ ወደብ ተጠግታ ሳለ ተገለበጠች፤ ከ220 በላይ ሰዎችም አለቁ። ካፒቴኑ መሪውን ላልሠለጠነ ሰው ትቶት እንደ ነበረ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በዚያው ሰሞን ገለጹ። ከሁለት ቀን በኋላ ጠላቂዎች በተገለበጠችው መርከብ ውስጥ አየር በቀረበት ሥፍራ የመርከቧን መካኒክ በሕይወት አገኙት።

ሁለቱን አደጋዎች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የሚያመሳስላቸው ነገር ጎልቶ ይታያል። ሁለቱም የደረሱት ዳር በሚታይበት ሥፍራ ነው፤ ሁለቱንም ያመጣቸው የታወቀውን ቁጥር አለማክበር ነው። በሁለቱም ቀን በመሳፈሪያው ድልድይ ላይ «ሞልቷል» ብሎ ሰንሰለቱን የሚዘጋ ጽኑ ሰው ቢኖር ኖሮ ዳር የቀረው ሰው ምናልባት ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውል ነበር፤ ማታ ግን ከልጆቹ ጋር ራቱን ይበላ ነበር። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ለእህል ነው። ከውኃ ላይ የፈሰሰ ሕይወት ግን አይለቀምም።

ለቤተሰብ ዓምድ

ውድ እኅቶቻችን፣ ባለቤታችሁ ፈቃድ አግኝቶ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጣና ወይም ወደ ሌላ ውኃ የምትሻገሩበት ቀን ሲመጣ የሚከተሉትን ብታስታውሱ ይጠቅማችኋል።

የፈቃዱን ቀን ስታሰሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን ለውኃው ተውለት። የመርከቡን መነሻ ቀን አስቀድማችሁ በባሕር ዳር ባለ ዘመድ በኩል አጠያይቁ። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ፈቃዱ ከእርሱ ጋር እንዲገጥም ባለቤታችሁ ቀደም ብሎ አለቃውን ይጠይቅ። በመመለሻው በኩል የመጨረሻዋን መርከብ ተማምኖ መቅረት አደገኛ ነው፤ ነፋስ ቢነሣና ጉዞው ቢሰረዝ ወታደሩ ከፈቃዱ ያልፋል።

ከመሳፈራችሁ በፊት መንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ጠይቁ። ለልጅ የዐዋቂ ጃኬት አይሆንም፤ ውኃ ላይ ሲወድቅ በአንገቱ በኩል ሾልኮ ይወጣልና። ሕፃን በአንቀልባ የታዘለ እንደ ሆነ መርከቡ ላይ ስትወጡ ፈታችሁ በዕቅፍ ያዙት። ከእናቱ ጋር ጠብቆ የታሰረ ሕፃን በችግር ጊዜ ቶሎ ሊለቀቅ አይችልም፤ የእናቱ ጃኬትም እርሱን ከውኃ በላይ አያቆመውም። በተቻለ መጠን በልኩ የተሠራ ጃኬት ይኑረው።

ጀልባዋ ሞልታ ካያችሁ አትሳፈሩ። ባለ ጀልባው «ግቡ፣ ምንም አይደል» ቢል እንኳን አትፈሩት፤ መቅረት መብታችሁ ነው። ባል ለመድረስ ቢቸኩል ሚስት ትገሥጸው፣ ሚስት ብትቸኩል ባል ያረጋጋት። በወደብ ያደሩበት አንድ ሌሊት ብርድ ቢኖረውም ጠዋት ላይ ይረሳል።

ውኃ የሚያዞራችሁ ከሆነ ባዶ ሆድም ጥጋብም አይስማማም፤ ደረቅ እንጀራ ወይም ቆሎ ጥቂት ቀምሳችሁ ግቡ። መሐል ላይ ተቀመጡ፤ እዚያ መናወጡ ያንሳል። ዐይናችሁንም በሩቁ የውኃና የሰማይ መገናኛ ላይ አድርጉ። ዝንጅብል ማኘክ ብዙዎችን ይረዳል። ወደብ ሲደረስ ደግሞ ልጆቻችሁን በእጅ ይዛችሁ ገመዱ እስኪታሰር ድረስ ከተቀመጣችሁበት አትነሡ።

ፈጣን መርከብ ማየት ለሁሉም ያስደስታል፤ ልጆችም በዳር ቆመው አረፋዋን ሲያዩ ይጨፍራሉ። ይሁን እንጂ የደሴት ሕዝብ መርከቡን የሚወደው ጓዳው ውስጥ ሆኖ የመለከቷን ድምፅ ሲሰማ «አሁን ሁለት ሰዓት ሆነ» ብሎ ማለት ሲችል ነው። እንዲህ የተባለላት መርከብ በፍጥነቷ ከሌሎች ብታንስ እንኳ በክብሯ አታንስም። በእርሷ ላይ የሚያገለግሉት ባሕርተኞችም ስማቸው በጋዜጣ ሳይወጣ፣ በየማለዳው ዘይት ለክተው፣ ጃኬት ቆጥረው፣ ሰንሰለት ዘግተው የሚሠሩት ሥራ በድንበር ላይ ከቆመው ወታደር ሥራ ጋር ዘመድ ነው። ሁለቱም ሥራቸው ሲሳካ ምንም ነገር አይደርስም፤ የሰላም ሰው ወጥቶ በሰላም ይገባል።